የፕራጉ ቤት ያፈሳል

ይታገስ የሚለውን ስም ያወጡለት እናቱ ናቸው። ምን አይተው እንዳወጡለት ግን ቢቸና ውስጥ የሚያውቅ የለም። በልጅነቱ ገንፎው እስኪበርድ መጠበቅ አቅቶት ምላሱን እየተቃጠለ ያደገ ሰው ነው። ካደገም በኋላ ሚኒባስ እስኪሞላ መቀመጥ ስለማይችል በእግሩ ይጀምርና፣ ከከተማው ሳይወጣ ያው ሚኒባስ ደርሶበት እያፈረ ይሳፈራል።

ሙያው ቧንቧ ነው። ደብረ ማርቆስ ተምሮ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሆቴል ሲገነባ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ከሚገጥሙ ሰዎች ጋር አንድ ክረምት ከርሞ ሲመለስ፣ ቢቸና መናኸሪያው አጠገብ በተከራያት ጠባብ ሱቅ በር ላይ «የቧንቧና የሙቅ ውሃ ኢንጂነሪንግ» የሚል ታፔላ ሰቀለ። በመጀመሪያ ማንም ኢንጂነር ብሎ አልጠራውም። እሱ ግን ስልክ ባነሳ ቁጥር «ኢንጂነር ይታገስ ነኝ» እያለ ሕዝቡን ቀስ በቀስ አስለመደው።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ቧንቧ ያንጠባጥባል ሲሉት መፍቻውን ይዞ ይሮጣል። ያገኘውን ያጠብቃል። ካልሆነ የበለጠ ያጠብቃል። በዚህም ካልሆነ ግድግዳ ያፈርሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል ማለት ይቻላል፤ የቢቸና ቧንቧ ትልቁ ሕመም ውሃ አለመምጣቱ ስለሆነ፣ ውሃ የሌለበትን ቧንቧ ጠግነኸው አሁንም ያፈሳል ብሎ የሚከስ ሰው የለም።

ታዲያ ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ቀን፣ ከደብረ ወርቅ ወደ ቢቸና በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ልማዱ ለተሳፋሪው ሁሉ ያወራ ነበር።

«እኔ የማላውቀው ቦይለር ገና ከፋብሪካ አልወጣም» አለ።

ከጎኑ የተቀመጡት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ይታገስ የተኙ መስሎት ነበር።

«ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «በግድግዳ ውስጥ እየዞረ ቤት የሚያሞቅ ውሃስ ታውቃለህ?»

«እሱማ ቁርሴ ነው፣ አባቴ!»

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር።

«ስምህ ማን ነው?»

«ኢንጂነር ይታገስ።»

ሽማግሌው አሁን ዓይናቸውን ገለጡ። ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት፤ አፋቸው ውስጥ የሚያጣጥሙት ይመስሉ ነበር። የሞጣው የቅኔ መምህር የኔታ ወልደ ሰንበት ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ስም በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ሲያገኙ ዝም ብለው የሚያልፉ አልነበሩም። ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉት።

የኔታ ያሉት ቤት የጎረቤታቸው የእማማ ሀብትነሽ ቤት ነው። ባለቤታቸው አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በደርግ ጊዜ ደን ሊማሩ ቼኮዝሎቫኪያ ተልከው ነበር። ስለ ደን ምን ያህል እንደተማሩ አይታወቅም፤ ስለ ሙቀት ግን ብዙ አውቀው ተመለሱ። «ፕራግ ውጭው በረዶ ሆኖ እኛ ቤት ውስጥ በካናቴራ ነበር የምንቀመጠው» የሚለውን ወሬያቸውን ያልሰማ የሞጣ ሰው የለም። ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቤት ሲሠሩ፣ አዲስ አበባ ከፈረሰ የፈረንጅ ቤት የወጡ ከባድ ከባድ የብረት ማሞቂያዎችን በጭነት መኪና አስመጥተው በአራት ክፍሎች ግድግዳ ሥር አስቆሙ። ጓሮ በባሕር ዛፍ ፍልጥ የሚነድ ቦይለር ተከሉ። ቧንቧውን በጣውላው ወለል ሥር እያሳለፉ ሁሉንም አገናኙት። የሞጣ ሰው ማሞቂያዎቹን ሊያይ በሰልፍ መጣ፤ የብረቱን ሸንተረር አይቶም «የግድግዳ ጎድን» ብሎ ሰየማቸው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ለመጣው ሁሉ እየዞሩ ያሳዩ ነበር፤ ማሳረጊያቸውም ሁልጊዜ «አንዲት ጠብታ አያፈስም!» የሚል ነበር።

ካረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቤቱ ግን ማፍሰስ ጀምሯል እየተባለ ነው። ቢያንስ ሦስት የሞጣ ቧንቧ ሠራተኞች እንዲህ ብለው፣ የት እንደሆነ ሳይነግሩ ሄደዋል።

ይታገስ በኅዳር ብርድ ሞጣ ደርሶ የውጭውን በር ሲያንኳኳ እማማ ሀብትነሽ ራሳቸው ከፈቱ። ቀጠን ያሉ፣ ግራ እግራቸውን በመጠኑ የሚጎትቱ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያመልጠው አሮጊት ናቸው።

«ኢንጂነሩ አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ።»

«ከአንተ በፊት ሦስት መጥተዋል።»

«እነሱ እኔ አይደሉም።»

«አያለሁ። እነሱ ጫማቸውን ጠርገው ነው የገቡት።»

ይታገስ ወደ ኋላ ተመልሶ ጫማውን ጠረገ። እማማ ወደ ጓሮ ወስደው ቦይለሩን አሳዩት። ከላዩ ላይ የውሃውን ግፊት የምታሳይ ባለ ቀስት ጌጅ አለች፤ መስታወቷ ላይ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በቀይ ቀለም መስመር አስምረውባታል። ከጎኑ ከከተማው መስመር ውሃ የሚያስገባ መክፈቻ አለ።

«መጀመሪያ እንዴት እንደምይዘው ላስረዳህ» አሉ እማማ። «እኔ ጠዋት ጠዋት ስነሳ...»

«ግድ የለም እማማ፣ ቧንቧው ራሱ ይነግረኛል» አለና መሮና መዶሻውን ይዞ ወደ ሳሎን ገባ።

ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳው ትልቅ እርጥበት አውጥቷል። ይታገስ እርጥበቱን ሲያይ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ያህል ደስ አለው። «ይኸው!» አለ፤ ወዲያው መደብደብ ጀመረ። ልስኑ ረገፈ፣ ድንጋዩ ወጣ፣ ቧንቧው ታየ። ቧንቧው ደረቅ ነበር። አቧራ ነበረበት። በቧንቧው ላይ አንዲት ሸረሪት ድር ሠርታ በሰላም ትኖር ነበር።

ይታገስ የሸረሪቷን ቤት እያየ ሳለ፣ ከውጭ በኩል ቿ የሚል ድምፅ ሰማ። በመስኮቱ ብቅ ሲል የጓሮዋ ተከራይ፣ መምህርት ፍሬ፣ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ከግድግዳው ሥር ደፍታ ሳፋውን ታራግፋለች።

«ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትደፊው?»

«አዎ፤ ምነው፣ ችግር አለው?» አለች ፍሬ። ቀና ብላ ከይታገስ ኋላ የፈረሰውን ግድግዳ ስታይ ግን «ውይ» ብላ ሳፋዋን ይዛ ገባች።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር። ይታገስ ግን ክብሩ የተነካ ሰው ነው፤ ክብሩ ሲነካ ደግሞ እጁ ይፈጥናል። ወደ ምግብ ክፍሉ ገባና ማሞቂያው መዝጊያ አንገት ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ አገኘ። በእርግጥም ጠብታ ናት። ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጋት የምትቆም። በዚያው ሰዓት የኔታ ወልደ ሰንበት፣ ሰውየውን የጠቆሙት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሥራው እንዴት እንደያዘ ሊያዩ መጥተው ከማሞቂያው ፊት ለፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንዴት ነው ልጄ?»

«አሁን አበቃለት፣ የኔታ!» አለና መዝጊያውን በመፍቻው ነክሶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት።

በእርግጥም አበቃለት። የመዝጊያው አንገት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከማሞቂያው ሆድ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ፣ ዝገት ያጠቆረው ለብ ያለ ውሃ እንደ ጦር ተወርውሮ የየኔታን ነጭ ጋቢ ከደረታቸው እስከ ጉልበታቸው ቀባው።

የኔታ ተነሥተው ጋቢያቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ይታገስን አዩ።

«ይታገስ ቢሉት አልታገሰም» አሉ፤ እንዲህ ብለውም ሊለውጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስለ ቧንቧው ይሁን ስለ ቧንቧ ሠራተኛው አልገለጹም።

ይታገስ ቀዳዳውን በእንጨትና በጨርቅ ወተፈው። እማማ ሀብትነሽ ወለሉን መወልወል ጀመሩ፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ዕቃው ሞጣ የለም፣ ከቢቸና ላመጣ ነው» አለ።

«ትመለሳለህ?»

«እንዴት አልመለስም!»

«ሦስቱም እንዲሁ ብለዋል።»

ቢቸና ሲገባ ሚስቱ ብሩክታይት ገና ከጤና ጣቢያ መመለሷ ነበር። ነርስ ናት፤ ይታገስን ያገባችው ምናልባት ከሥራዋ ብዛት የተነሣ በደንብ ሳታየው ይሆናል እያሉ እህቶቿ ይቀልዱባታል። ራት እየበሉ የሆነውን ነገራት። የጋቢውን ነገር ግን ዘለለው። ቤቱ ያረጀ መሆኑን፣ ብረቱ የማይረባ መሆኑን፣ ተከራይዋ ሥርዓት የሌላት መሆኗን ዘረዘረ።

ብሩክታይት እስኪጨርስ ሰማችው።

«ውሃ በየስንት ጊዜው ነው የሚጨመርለት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«አልጠየቅሃቸውም?»

«ቧንቧ ልጠግን እንጂ ቃለ መጠይቅ ላደርግ ሄድኩ እንዴ?»

«እኛ ጋ ደም ያነሰው ሰው ሲመጣ ዝም ብለን አንቀድደውም። ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ያህል ነው፣ የት ያምሃል ብለን እንጠይቃለን። ከዚያ እናየዋለን፤ እንጠብቃለን።»

«እናንተ ጋ ሰው ሲጠብቅ እንደሚውልማ አውቃለሁ።»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለች ብሩክታይት፤ ሳቋን ግን መያዝ አቃታት።

ይታገስ ልክ ነሽ አላላትም። እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን አዲስ መዝጊያ ገዝቶ ወደ ሞጣ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ዝም አለ። ሾፌሩ በመስታወት እያየው «አሞሃል እንዴ ኢንጂነር?» ብሎ ጠየቀው።

በዚህኛው ጊዜ ጫማውን ሳይነገረው ጠረገ። የተሰበረውን መዝጊያ ቀየረ፤ በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቀስ አድርጎ አጠበቀው። ከዚያ መዶሻውን ከቦርሳው ሳያወጣ እማማ ሀብትነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«እማማ፣ ያን ቀን ሊነግሩኝ የነበረው ምንድን ነው?»

እማማ ተገርመው አዩት። «ውሃ ስለመጨመሩ ነዋ። ቀስቷ ከቀዩ መስመር ዝቅ ካለች መክፈቻውን እከፍታለሁ፤ መስመሩ ላይ ስትደርስ እዘጋለሁ። ኃይለ ጊዮርጊስ ሊሞት ሲል እንኳ አደራ ያለኝ ይህንኑ ነው። ‹ውሃ እንዳይጎድልበት› አለኝ።»

«በየስንት ጊዜው?»

«ድሮ እሱ በሳምንት አንዴ ነበር የሚጨምረው። አሁን እኔ ጠዋትም ማታም እጨምራለሁ።»

«ለሦስቱ ሰዎች ይህን ነግረዋቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ይታገስ ጆሮው ጋለ። ተነሥቶ እሳቱ እንዲጠፋ አደረገ፤ ውሃው ቀዘቀዘ። ቀስቷን ቀዩ መስመር ላይ አድርሶ መክፈቻውን ዘጋው። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከጌጇ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ አየ። እግሩ ይወዛወዛል፣ ጣቶቹ መፍቻውን ይፈልጋሉ፣ እሱ ግን አይነሣም። የኔታ በታጠበ ጋቢ መጡና፣ በዚህኛው ጊዜ ርቀው፣ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን እየሠራ ነው?» ብለው ጠየቁ እማማን።

«እየጠበቀ ነው።»

«ጸሎት ይደረግለት ይሆን?»

ቀስቷ ወረደች። በግልጽ ወረደች። የሆነ ቦታ ውሃው እየሄደ ነው፤ ሳሎንም፣ ምግብ ክፍልም፣ የትም ግን ወለል ላይ ጠብታ የለም።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ጉረኛ ቢሆኑም ሥርዓት ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ወደ አራቱም ክፍሎች ለሚሄደው ቧንቧ ቦይለሩ አጠገብ ለየብቻው መዝጊያ አበጅተውለታል። ይታገስ አራቱንም ዘጋ። ውሃውን እስከ ቀዩ መስመር ሞላ። ጠበቀ። ቀስቷ እንደ ተቸነከረች ቆመች። የሳሎኑን ከፈተ፤ ቆመች። የምግብ ክፍሉን ከፈተ፤ ቆመች፤ እዚህ ላይ ትንፋሹን ለቀቀ። የእንግዳ ክፍሉን ከፈተ፤ ቆመች። የመኝታ ቤቱን ሲከፍት ግን ቀስቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቁልቁል መንገድ ጀመረች።

«መኝታ ቤት ነው» አለ ይታገስ ብድግ ብሎ። መዶሻ ግን አላነሣም።

እማማ ሀብትነሽ አመነቱ። «እዚያማ ምንም የለም። ኃይለ ጊዮርጊስ በሕይወት ሳለ አልጋውን ማንም እንዲያንቀሳቅሰው አይፈቅድም ነበር። ‹ሚዛኑን ጠብቆ ነው የተቀመጠው› ይለኝ ነበር።»

«አልጋ ምን ሚዛን አለው እማማ?»

«እኔ ፕራግ አልተማርኩም፤ እንዴት ብዬ ልከራከረው?»

ይታገስና የኔታ ተጋግዘው ትልቁን የዋንዛ አልጋ ገፉት። ከሥሩ ያለው ወለል እንደ ሌላው ቤት ጣውላ ነው። ይታገስ ተንበርክኮ በእጁ ዳሰሰው። የቤቱ ጣውላ ሁሉ በሚስማር የተመታ ነው፤ እዚህ ጋ ያሉት አራቱ ብቻ በብሎን የታሰሩ ናቸው። አንድ ሰው አስቦበት፣ ሊከፍትና ሊዘጋ እንዲመቸው ያደረገው ነው።

ብሎኖቹን ፈትቶ ጣውላዎቹን ሲያነሣ የሻገተ ሽታ ወጣ። ከሥር ቧንቧው አለ፤ መገጣጠሚያው ላይ ከመኪና ጎማ የወጣ የቆየ ካላማዳሪያ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሮበታል። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ውሃው በጎንና በጎን ይወርዳል። ከታቹ ደግሞ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ተደርጎለታል። ይህ ግማሽ በርሜል በጊዜው ውሃውን ይይዝ ነበር፤ አሁን ግን ቂጡ ዝጎ ተበስቷል፤ የሚወርደው ሁሉ ዝም ብሎ መሬት ውስጥ ይገባል።

የሽቦው አስተሳሰር ንጹሕ ነበር፤ ጫፉ እንኳ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ተቀልብሷል። እማማ ሀብትነሽ ጎንበስ ብለው የተቀለበሰውን ጫፍ በጣታቸው ነኩት።

«የኃይለ ጊዮርጊስ እጅ ነው» አሉ።

የኔታ የተነሡትን ጣውላዎች ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«አንዲት ጠብታ አያፈስም!» አሉ እማማ የባላቸውን ድምፅ አስመስለው። «ስንት ዓመት በላዩ ተኝቻለሁ! እግሬን ቆረጠመኝ ስለው፣ እርጥበት አለ መሰል ስለው፣ ‹ሞጣ ናት፣ ሞጣ ብርድ ናት› ይለኝ ነበር። ገበያ ስሄድ ለካ በርሜል ይደፋ ኖሯል!» ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ሳቁ፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ለይታገስም ገባው።

ሲረጋጉ «ሌላስ ምን አለ?» አሉት። «ፊትህ ላይ አንድ ነገር አለ።»

ይታገስ ቧንቧውን በመፍቻው ጫፍ ሲነካው ዝገቱ እየተቀረፈ ወረደ። አዲስ ውሃ በየጊዜው ሲገባ ብረቱን ከውስጥ እንደሚበላው፣ ያው አንድ ውሃ እየዞረ ቢሆን ይህን ያህል እንደማይዝግ ያውቃል። ባሕር ዳር የተማራት ይህቺ አንዷ ነገር እስከ ዛሬ አልጠፋችበትም። ያም ማለት እማማ ጠዋትና ማታ በአደራ ያጠጡት ውሃ ነው ቧንቧውን የጨረሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን በጩኸት ይናገረው ነበር።

«ውሃው... አዲስ ውሃ ሲበዛበት ይዝጋል፣ እማማ» አለ እየተንተባተበ። «ማለቴ፣ ቀዳዳው ቢደፈን ኖሮ መጨመር ባላስፈለገ ነበር።»

እማማ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባቸውም። «እሱ ደበቀው፣ እኔ ደግሞ አበላሸሁት በለኛ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አላልክም። እግዜር ይስጥልኝ።»

የመኝታ ቤቱ ቧንቧ የሚጠገን አልነበረም፤ መፍቻ በነካው ቁጥር እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረካከስ ነበር። ይታገስ ከቦይለሩ አጠገብ ቆርጦ በክዳን ደፈነው። አራተኛው የግድግዳ ጎድን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጥ ሆነ። እማማ አልጋቸውን ወደ እንግዳ ክፍሉ አዛወሩ። የሳሎኑንም ግድግዳ ይታገስ ራሱ መልሶ ለሰነው፤ የልስን ሙያ ስለሌለው ዛሬም ድረስ እዚያ ቦታ ላይ ግድግዳው ያበጠ ይመስላል።

እሳቱ እንደገና ነደደ። ይታገስ እየዞረ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ነካው፤ ሶፍቱ በረጠበበት አንድ ቦታ መፍቻውን በጣቶቹ ብቻ ይዞ ጥቂት አዞረ። ቀስቷ ቆመች። በማግስቱም እዚያው ነበረች። የኔታም ያን ሰሞን ለእማማ ጤና እጅግ ማሰብ ጀመሩ፤ በየቀኑ ሊጠይቋቸው ይመጡና ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ወንበር ይዘው እስኪመሽ ድረስ ይጠይቋቸዋል።

ቢቸና ላይ ታሪኩ እንደ ይታገስ አነጋገር ሌላ ነው፤ በዚያኛው ውስጥ ሸረሪትም ሆነ ጋቢ የለም። ይሁን እንጂ ደንበኞቹ በእሱ ላይ አዲስ ቅሬታ አላቸው። ቧንቧ አፈሰሰ ብለው ሲጠሩት ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ ማን ነካካው እያለ ያደርቃቸዋል። ብሩክታይት ይህን ስትሰማ ፈገግ ብላ ቡናዋን ትቀዳለች።

ጥር ላይ የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሰባት ዓመት ተዝካር ወጣ። ይታገስም ተጠርቶ ሄደ። ዳሱ ሞልቶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ተነሡና ስለ ሟቹ መናገር ጀመሩ። አርቆ አሳቢ ነበር አሉ። ሞጣን ከፕራግ ያስተካከለ ሰው ነበር አሉ። «ይህ ቤት ምስክር ነው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «በሠራው ሥራ ላይ አንዲት እንከን፣ አንዲት ጠብታ...»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። የዳሱ ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የኔታ ወልደ ሰንበት ጣራ ጣራውን ያያሉ፣ ይታገስ ብርሌው ውስጥ አቀርቅሯል። ተናጋሪው ሐዘን የበረታባቸው መሰላቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይዞዎት፣ እትዬ ሀብትነሽ» አሉ።

«ቀጥል፣ ቀጥል ወንድሜ» አሉ እማማ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ደስ የሚለው ጋ ደርሰህ ነበር።»